ጦርነት የሸሸ ሰው ቡና አይጠጣም ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ከጫፍ ከጫፉ ቁረጡት፣ መሀሉን ግን አትንኩብኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ከማራኪ ወደ ፒያሳ በባጃጅ እየሄድሁ ነበር። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። እሷ ጋ ሦስት ሱዳናውያን ሴቶች ተቀምጠዋል። ቶባቸውን ተከናንበው፣ ስኒ ይዘው፣ አንዷ የሆነ ነገር ተናግራ ሁለቱ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሹፌራችን አያቸውና «አይ ስደተኛ! ጦርነት ሸሽተው መጡ ሲባል ቡናቸውን እየጠጡ ይገለፍጣሉ እኮ» አለ። አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ፈገግ አልሁ። ንዴቱ የመጣብኝ ከወረድሁ በኋላ ነው። የሹፌሩ ነገር አይደለም፣ እሱ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል። የራሴ ፈገግታ ነው ያናደደኝ። ምክንያቱም እኔ ራሴ ጦርነት ውስጥ ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ። ስቄያለሁም። የሳቅሁት ደግሞ በዶሮ ነው። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከ2006 እስከ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ነበርሁ። ደይም የሚባል ሰፈር፣ ሐበሻ የሚበዛበት። ከጎንደር የወጣ ሰው ሱዳን መሄዱ ብርቅ አይደለም። በደርግ ጊዜ የእኛ ሰፈር ወጣት ግማሹ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ ገብቷል። እኔ የሄድሁት ግን ለፖለቲካ ሳይሆን ለእንጀራ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራሁ። አሠሪዎቼ ፓስፖርቴን ተቀብለው ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ወጥቼ መንገድ ዳር ሻይና ቡና ሸጥሁ። በመጨረሻ ሦስት ጠረጴዛ ያላት ቁርስ ቤት ከፈትሁ። ፉል፣ ታሚያ (የሽምብራ ጥብስ ነው)፣ ቡና። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ አብዮት፣ ሁለት መፈንቅለ መንግሥትና አንድ ጦርነት አየሁ ማለት ነው። አንዱንም አልጠራሁትም።

ሰው «ረብሻው እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ተኩስ እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ዳቦ ነው። በታኅሣሥ 2011 መንግሥት የዳቦውን ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት አደረሰው። አትባራ በምትባል ከተማ ሰው ወጣ፣ ከዚያ አገሩ በሙሉ ወጣ። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ያወቅሁት ከፉርኑ በር ላይ ነው። ዳቦ ቤቱን ፉርን ይሉታል። በለሊት ተነስቼ ስሄድ ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ሄዷል፣ ሰውም አይነጋገርም። ፉል ያለ ዳቦ ምን ይበላል? ያን ሰሞን የእኔ ፖለቲካ አርባ ዳቦ ማግኘትና አለማግኘት ነበር። ባንክ ደግሞ ብር የለም፤ ደንበኛው ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እያለ ከእኔ በዱቤ ይበላል። የዱቤ ደብተሬ እንደ ዳዊት ወፈረ።

ከዚያ ነገሩ ልማድ ያዘ። አዎ፣ ረብሻም ልማድ ይይዛል። ትልቁን ሰልፍ ሚሊዮኒያ ይሉታል። የየሰፈሩ የተቃውሞ ኮሚቴዎች የወሩን ፕሮግራም አስቀድመው ያወጡ ነበር፣ በዚህ ቀን እዚህ፣ በዚያ ቀን እዚያ፣ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና። እኔም ሽንኩርት የምገዛው ያንን ፕሮግራም አይቼ ነው። ሰልፍ በሚኖርበት ቀን ድልድዮቹን በኮንቴይነር ይዘጓቸዋል። ካርቱም፣ ባሕሪና ኡምዱርማን በዓባይ የተከፋፈሉ ስለሆኑ ድልድይ ሲዘጋ አንዱ ከተማ ሦስት ይሆናል። ረዳቴ ኡምዱርማን ነበር የምትኖረው፣ ስለዚህ ያን ቀን ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ቁርስ ሸጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ በሬን እዘጋለሁ። ሰልፉ በእኛ ሰባት ሰዓት ይጀመራል። ትንሽ ቆይቶ ቡምባን ይመጣል፣ አስለቃሹን ጋዝ ነው እንደዚያ የሚሉት። ኮምጣጤ የነከርሁበትን ጨርቅ አፌ ላይ አድርጌ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ለማንኛውም ማልቀሴ ካልቀረ በሽንኩርት አሳብባለሁ። ሲመሽ ሰፈሩ ይጠረጋል፣ የተቃጠለው ጎማ ወደ ዳር ይገፋል፣ ሻይ ሻጮቹ በርጩማቸውን አውጥተው ይደረድራሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ያልሆነ ግን አይደለም፣ አንዳንድ ቀን ከሄዱት ልጆች አንዱ አይመለስም።

የውጭ አገር ሰው በዚህ መሀል ምን ሥራ አለው? ምንም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ተማርሁት። ቪዲዮ አትቀርጽም። ቆመህ አታይም። ማን ልክ ነው ተብለህ ብትጠየቅ አታውቅም። አንድ ቀን አንዱ ወጣት ዓይኑ በጋዝ ቀልቶ መጣና «ሐበሺያ፣ ከእኛ ጋር ነሽ ከእነሱ ጋር?» አለኝ። «እኔ ከፉሉ ጋር ነኝ» አልሁት። ሳቀና ሁለት ሳህን በላ። ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር «ከፉሉ ጋር ያለችው» ነበር የሚለኝ። ሆዴ ግን ዝም አላለም። እነዚያ ልጆች የእኔ ልጆች ቢሆኑ ብዬ አስባለሁ። አንዳንዴ ዳቦውን በነጻ እሰጣለሁ። የእኔ ተሳትፎ እስከዚያ ድረስ ነበር፣ ይኸው ዛሬ ጋዜጣ ላይ ተናዘዝሁ።

ደግሞ የውጭ ሰው ዋጋ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ዛሬ ሲወደድ ነገ ይረክሳል። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ፕሬዚዳንቱ በሽር ከሥልጣን ወረደ። ግንቦት 26 ላይ የሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ለተቃውሞ ተቀምጦ የነበረው ሰው በጥይት ተበተነ፣ ብዙ ወጣት አለቀ። በአራተኛው ቀን የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊያስታርቁ ካርቱም መጡ። ያን ሰሞን ሐበሻ ነኝ ካልሁ ረክሻ ሂሳብ አይቀበለኝም ነበር (ረክሻ ያው የእኛው ባጃጅ ነው)። ከዓመት ተኩል በኋላ ድንበር ላይ ባለው በአል ፋሽቃ መሬት ሁለቱ አገሮች ሲጋጩስ? ያው ረክሻ፣ ያው ሹፌር፣ «መሬታችንን መቼ ነው የምትለቁት?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከኩባያና ከጀበና በቀር የያዝሁት ነገር የለም። እሱንም ቢሆን ከመንገድ የሚያፍሱት ሰዎች ሻይ በምሸጥበት ዘመን ሦስት ጊዜ ወስደውብኛል። ከሻ ይባላል አፈሳው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ኢቃማ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድ። ኢቃማው ቢኖርም ኩባያው አይመለስም። ሱዳን ገነት ነበር እያልሁ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ።

የግንቦቱ ነገር ሲሆን ኢንተርኔት አምስት ሳምንት ያህል ጠፋ። እዚህ ላይ ለጋዜጠኞች አንድ ነገር ልበል። እናቴ ጎንደር ናት። በየማታው በኢሞ እናወራ ነበር። ድንገት ድምፄ ጠፋባት። ሰፈር ውስጥ አንዱ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ «ካርቱም ያሉ ሐበሾች አለቁ» ብሎ አወራ። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ለቅሶ ተቀመጡላችሁ! እኔ ደይም ሆኜ ቲማቲም እየከተፍሁ፣ እዚህ ንፍሮ እየተቀቀለልኝ ነው። በስንት መከራ በመደበኛ ስልክ ደውዬ ሳገኛት «አለሁ» ስላት አላመነችም፣ የልጅነት ቅጽል ስሜን ጠይቃ አጣራች። እስከ ዛሬ በዚያ ለቅሶ የመጡት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ትንሽ ያፍራሉ። አንዷማ የሰጠችውን ሃምሳ ብር እንደ ቀልድ ትጠይቀኛለች። እንግዲህ ርእስ ስታወጡ በዚያኛው ጫፍ እናት እንዳለች አስቡ። ስለ ጄኔራሎቹ ስብሰባ ስትጽፉ ደግሞ በዚያው ገጽ ድንበሩ ክፍት ነው ዝግ፣ አውቶቡስ ከየት ይነሳል፣ ፓስፖርት የሌለው ሰው ምን ያሳያል የሚለውን ሁለት መስመር ጨምሩ። በ2014 ጥቅምት 15 ወታደሮቹ እንደገና ሥልጣኑን ሲይዙ ኢንተርኔቱ ዳግመኛ ሲጠፋ እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ለእናቴ አስቀድሜ «ድምፄ ከጠፋ በሕይወት አለሁ ማለት ነው» ብያት ነበር።

አሁን ወደ ዶሮው።

በ2015 የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ግድግዳ የምንጋራት አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩኝ፣ ሐጃ ነው የምላቸው። እሳቸውም ጾም፣ እኔም ጾም። ሁለታችንም ቀን ቀን ተኮራምተን እንውላለን። ሚያዝያ 7 ቅዳሜ ነበር፣ ቀዳም ሥዑር። እኔ አክፍሎት ላይ ነበርሁ፣ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄጤማዬን ራሴ ላይ አስሬ ልመለስ ነጠላዬን እየለበስሁ ነበር። ሦስት ሰዓት አካባቢ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አንድ ድምፅ መጣ፣ ሌላ ድምፅ ተከተለው፣ ከዚያ አላቋረጠም። መከላከያውና ፈጥኖ ደራሹ ጦር ነበሩ፣ ትናንት አብረው መንግሥት የገለበጡት። እኔ ግን በሰዓቱ ያን አላወቅሁም። መጀመሪያ ያሰብሁት «ዶሮው!» ብዬ ነው።

ለፋሲካ የገዛሁት ቀይ አውራ ዶሮ ጓሮ ታስሯል። ሽንኩርቱ ተልጧል፣ በርበሬው ከጎንደር የመጣ ነው። ዶሮውን ሊባርክልኝ የሚመጣው የሰፈራችን ልጅ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። እኔ ሴት ነኝ፣ አላርድም። የሐጃ ልጅ «እኔ ልረድልሽ» አለኝ፤ እሱ ካረደው ደግሞ እኔ አልበላውም። እኛ ካረድነው እነሱ አይበሉም። ቦምብ እየወረደ ስለ ዶሮ አራጅ ስንከራከር አስቡት። በመጨረሻ ዶሮው ተረፈ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልክ በሚፈሰክበት ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል ጮኸ። የተቀቀለ እንቁላል በደረቅ ዳቦ ጾሜን ፈታሁ። ሐጃ በግድግዳው ማዶ ሰምተው ኖሯል፣ ሁለት ጊዜ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉና «ኩሉ ሰና ወኢንቲ ጠይባ» አሉኝ። የእንኳን አደረሰሽ ነው። ያን ጊዜ አለቀስሁ። ያለቀስሁት አንዴ እሱን ብቻ ይመስለኛል።

በማግሥቱ የጋራውን በር ከፈትነው። መብራት የለም። ውሃ ይመጣል ይሄዳል፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ከመስኮት ርቀን ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተደርድረን ተኛን፣ እኔ፣ ሐጃ፣ ሁለት ምራቶች፣ አምስት ልጆች። ስልክ የምንሞላው ከጎረቤት ረክሻ ባትሪ ላይ ነው፣ በተራ፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት። ውሃ ሲገኝ እሳቸው ሰጡኝ፣ ከሰልና ምስር እኔ ነበረኝ። ሥጋ ነክ ያልሆነውን ሁሉ ተካፈልን። ሲመሽ መግሪብ ይደርሳል፣ ቴምር ይቀመሳል። በደህናው ጊዜ ቢሆን ያ ሰዓት ምንጣፍ መንገድ ላይ ተነጥፎ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ካልበላህ አትሄድም የሚባልበት ነበር፤ ሹፌር ያስቆማሉ፣ ክርስቲያን ነኝ ብትል አይሰሙም። አሁን ምንጣፉ ኮሪደር ገባ።

ከዚያ ሐጃ «ያ ቢቲ፣ ጀበናሽስ?» ይላሉ። ልጄ፣ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ቀን ደንግጬ «ሐጃ፣ አሁን ቡና?» አልኋቸው። «ታዲያ መቼ?» አሉኝ። ቡናውን በድስት ክዳን ላይ ቆላሁት፣ ምጣዱ ጓሮ ነበር፣ ጓሮ መውጣት አልቻልንም። ወቅጬ አፈላሁ። እነሱ ዝንጅብል ካልገባበት ቡና አይሉትም፣ ስለዚህ ዝንጅብል። ልጆቹ ሽታው ሲደርሳቸው ከፍራሹ ተነሥተው መጡ። እንግዲህ ተኩሱ ጋብ ሲል ዶሮው ዝም ይላል፣ ተኩሱ ሲጀምር ይጮሃል። በየቀኑ እንደዚያ ነው። ሐጃ በሦስተኛው ቀን «ይሄ ዶሮሽ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም» አሉና ጄኔራል ብለው ስም አወጡለት። ጄኔራል ጮኸ፣ ዷ! ጄኔራል ዝም አለ፣ ጸጥ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ትንሹ ልጅ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ያን ለሊት ከሁለት መንገድ ማዶ አንድ ቤት ተመትቶ ሰው ሞቷል። ሰምተናል። ጠዋት ሐጃ ሲያለቅሱ ነበር፣ የሟቿን እናት ያውቋቸዋል። ማታ ግን እንደገና «ጀበናሽስ?» አሉ።

ለሹፌሩ የምነግረው ይህንን ነው። እነዚያ ሴቶች ምን ብለው እንደሳቁ አላውቅም። እኔን ያን ማታ በር ከፍቶ ያየኝ ሰው ግን «ጦርነት ውስጥ ሆነው እንዴት ይገለፍጣሉ» ይል ነበር።

እዚያ የነበረው የውጭ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 14 ለሊት፣ አሜሪካኖቹ በሄሊኮፕተር መጥተው የኤምባሲያቸውን ሰዎች ይዘው ሄዱ። በሬዲዮ ነው የሰማነው። ሄሊኮፕተሮቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ነዳጅ ቀድተው ነው የመጡት ተባለ። እኔ ደይም ኮሪደር ላይ፣ ሄሊኮፕተሩ አገሬ! በማግሥቱ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች በመኪና ተሰልፈው ወደ ፖርት ሱዳን ወጡ። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። እኛ ግን ሄሊኮፕተራችን ሐጃ ነበሩ። ልጃቸው ሰው ጠይቆ ጠይቆ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘልኝ። ዋጋው የድሮው ስንት እጥፍ እንደሆነ ባልናገር ይሻላል፣ ገና ደሜ ይፈላል። የሦስት ቀን ተኩስ አቁም ተብሎ ነበርና ሚያዝያ 17 ቀን በማለዳ ወጣሁ። የያዝሁት አንድ ሻንጣ፣ ፓስፖርቴ (በጡት መያዣዬ ውስጥ) እና ጀበናዬ ነው። ጄኔራልን ለሐጃ ተውሁላቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አሁን በሥርዓቱ ይታረዳል» አልኋቸው። እንደገና ሳቅን። በር ላይ፣ ቆመን፣ ተቃቅፈን።

መንገዱን አላረዝምም። ኬላው ሁለት ዓይነት ነው፣ የእነዚያና የእነዚህ፣ ዩኒፎርሙን በሩቁ መለየት አይቻልም። አንዱ ጋ ወታደሩ ሻንጣዬን ከፍቶ በረበረና ጀበናውን አወጣ። ገለበጠው፣ ውስጡን አየ። ከዚያ «ቡናውስ?» አለኝ። ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመትም አይሞላው። «አለቀ» አልሁት። ጀበናውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ መለሰልኝ። በዋድ መደኒ አድርገን ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ጋላባት። ጋላባትና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ድልድይ ናት፣ ያቺን ለመሻገር አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰለፍን። አጼ ዮሐንስ የወደቁበት ቦታ ነው፤ በደህናው ጊዜ ሳልፍ ሁሌ አስታውሳለሁ፣ ያን ቀን ግን ውሃ ብቻ ነበር የማስበው። ሰልፉ ላይ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ስንት ዓይነት ሰው። ድልድዩ መሀል ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ የያዘች ሱዳናዊት እስከዚያ ድረስ ባለአገር ነበረች፣ እኔ ሐበሺያ። አሥር እርምጃ ተራመድን፣ ተገለባበጥን። እሷ አማርኛ አታውቅም። «ውሃ የት አለ?» የሚለውን አስተማርኋት። የመጀመሪያዋ አማርኛ እሱ ነው።

ጎንደር ገብቼ ሦስት ወር ያህል እንደቆየሁ፣ ሐምሌ 28፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እዚህም ተኩስ፣ እዚህም ዳታ ጠፋ፣ ለብዙ ወራት። ጎረቤቶቼ «አንቺ ለምደሽዋል» እያሉ ምክር ይጠይቁኝ ጀመር። የሚለመድ ነገር አይደለም። የሚታወቅ ነገር ግን አለ፤ ከሰል ግዙ፣ ውሃ ሙሉ፣ ጥሬ ብር ትንሽ ያዙ፣ መድኃኒት የሚውጥ ሽማግሌ ካለ የወሩን አስቀድማችሁ ግዙ፣ ከመስኮት ራቁ። ደግሞ የጎረቤታችሁን ስልክ ሳይሆን በሩን እወቁ። ይህን ያልሁት ለአገሬ ሰው ነው፣ በራሴ ከተማ፣ ሆዴ እየተቃጠለ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን እዚህ ያሉትን ሱዳኖች በሚመለከት። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚያመጣው መንገድ ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ነበሩ። ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው በ2016 ሚያዝያ ከአውላላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ላይ ወጡ። ከጦርነት ሸሽተው ከመጡበት እንደገና መሸሽ ማለት ነው። አቅም ያለው ከተማ ገብቶ ክፍል ተከራየ። አንድ የማውቀው አከራይ (ስሙ ይቅር፣ ሰላምታ እንለዋወጣለን) ለሐበሻ በሚያከራይበት ክፍል ለሱዳን እጥፉን ይጠይቃል። «ዶላር ይላክላቸዋል» ይላል። ለእኔም ካርቱም የመጀመሪያው አከራዬ እንደዚያው ነበር ያደረገኝ፣ «ሐበሻ ብር አለው» ብሎ። ብሩ የት እንዳለ ሁለቱም ቢያሳዩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐጃ ከእኔ በኋላ ወደ ዋድ መደኒ እህታቸው ጋ ሄዱ። በ2016 ታኅሣሥ ላይ ዋድ መደኒም በፈጥኖ ደራሹ ጦር ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው «ጄኔራልስ?» አልኋቸው። «ለዒድ በላነው፣ ጠንካራ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ፈጀ» አሉኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እኔ አሁን ሳሙና በር አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ፣ ያችው ጀበና ናት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሱዳናውያን ይመጣሉ፣ እናትና ልጅ። ልጅቱ አማርኛ ጀምራለች፣ እናትየው ገና ናቸው። ለእነሱ ዝንጅብል የገባበትን ለብቻ አፈላለሁ። መጀመሪያ ላይ ደንበኞቼ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ አሁን «ከሱዳኑ ስጪኝ» የሚሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ።

ያ የባጃጅ ሹፌር ይህን ካነበበው፣ ቀይ ባጃጅ ጠርዙ ላይ የሥላሴ ሥዕል የለጠፈው ልጅ፣ ይምጣ። ቡናው በእኔ ነው። ዝንጅብል ካልወደደ ግን ውሃው ሳይፈላ ይንገረኝ።

ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ይቆይ።
ከጎንደር